ሐምሌ ዐሥራ ስድስት የተወለዱት

የኮልፌ ሰው የወጣቱን የፈቀደን ሥራ ጠይቆ አልጠገበም። አናጢ ቢሆን፣ ወይም እንደ ሟች አባቱ አጠና ተራ ባሕር ዛፍ ቢነግድ፣ አንድ ጊዜ ተጠይቆ ያበቃ ነበር። እሱ ግን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ ፈተና ወስዶ፣ ናይሮቢ አምስት ወር ሠልጥኖ ሲመለስ «ፕሮግራመር» የሚባል ነገር ሆኖ መጣ። ከቀራንዮ እስከ አስኮ ይህን ቃል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እናቱ አልማዜ ለዕድሩ ሰዎች «መንግሥት ቤት ነው የሚሠራው» ብላ ታልፈው ነበር፤ እሱም ውሸት አልነበረም።

ጧት ጧት አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ ፌርማታው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው አብደላ ያዋራዋል።

«እስቲ ዛሬ ደግሞ አስረዳኝ» አለው አንድ ቀን ሳሙና እየደረደረ። «አንተ ማሽኑን ትነዳዋለህ?»

«አልነዳውም ጋሽ አብደላ። ትእዛዝ ነው የምጽፍለት።»

«ለማሽን?»

«አዎ። መጀመሪያ ይህን አድርግ፣ ቀጥሎ ያንን፤ እንዲህ ከሆነ ወደዚህ ሂድ፣ ካልሆነ ቁም እያልኩ።»

«ይታዘዛል?»

«የጻፍኩትን ሁሉ። ስህተቱንም ጭምር።»

አብደላ ሳሙናውን ትቶ ትንሽ አሰበ። «ታዲያ ከመንግሥት ሠራተኛ በምን ይለያል?»

«ለሻይ አይወጣም።»

«ፓርላማ ቢወዳደር እመርጠዋለሁ» አለ አብደላ። «የኛ ተመራጭ ስለ መንገዳችን ብንጠይቀው ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ አንድ ቃል አልመለሰም።»

«ማሽኑም እኮ ያልተጠየቀውን አይመልስም።»

«የተጠየቀውን ይመልስ እንጂ! እሱ መች ቀላል ሆነና።»

ፈቀደ እየሳቀ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። መስኮት አጠገብ ቦታ ካገኘ ስለ መንግሥትና ስለ ፕሮግራም ማሰብ ልማዱ ነበር። ሁለቱም ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ትእዛዞች ናቸው። የትኛው መስመር ላይ እንደተበላሹም በቀላሉ አይገኝም። ልዩነታቸው፣ ፕሮግራም ሲበላሽ ማሽኑ ይቆማል፤ መንግሥት ሲበላሽ ግን አይቆምም፣ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» ይላል። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። በዚያን ዘመን ሰው አውቶቡስ ላይ ያሰበውን አውቶቡስ ላይ ጥሎ ነበር የሚወርደው።

ማሽኑ የሚኖረው በመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ነበር። ከውጭ አገር ኩባንያ በኪራይ የመጣ፣ ቁም ሣጥን ቁም ሣጥን የሚያህሉ አራት ነገሮች በወፍራም ገመድ ተያይዘው «ኮምፒዩተር» ይባላሉ። በሕንፃው ውስጥ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ክፍል ያ ብቻ ነው። ዋና ዳይሬክተሩ አቶ አስራደ እንኳን የግንቦትን ሙቀት በጋዜጣ እያራገቡ ነበር የሚያሳልፉት። ስለዚህ ከየፎቁ ሰው ምክንያት እየፈጠረ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፤ ፋይል አቅፎ ይመጣና ሳይከፍተው ነፋስ ተቀብሎ ይመለሳል።

ክፍሉ ውስጥ ፈቀደና ሰብሌ ይሠራሉ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንዲት ጠንካራ የወረቀት ካርድ አለችው። ሰብሌ ከመዝገብ ቤት የሚመጣውን ማኅደር እያየች የሰውየውን የመዝገብ ቁጥር፣ ስም፣ የትውልድና የቅጥር ቀን በመብሻ መሣሪያዋ ካርዷን እየበሳች ታሰፍራለች፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ቀዳዳዎቹን ያነባል። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ከምናምን ካርድ በጣቷ አልፏል።

በ1964 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ከአቶ አስራደ ቢሮ ደብዳቤ ወረደ። በሚመጣው በጀት ዓመት ጡረታ የሚወጡት እንዲታወቁ፣ የሠራተኛው ሁሉ ስም ከትውልድ ቀኑ ጋር በዕድሜ ተራ ተዘርዝሮ በሦስት ግልባጭ ይቅረብ ይላል። ፈቀደ ፕሮግራሙን በአንድ ሳምንት ጨረሰ። የትውልድ ቀን ሦስት ነገር ነው፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። አንዱ ከጎደለ ማሽኑ እንዲቆም አዘዘው። ይህን ያደረገው ለጥንቃቄ ነበር።

ማሽኑም ቆመ። ካርዶቹን ዋጥ ዋጥ እያደረገ ሄዶ ሄዶ አንዲት ካርድ ላይ ቀጥ አለ፣ ቀይ መብራት አበራ። ሰብሌ ካርዷን አውጥታ አየቻት።

«ቀንና ወር የለውም። ዓመት ብቻ ነው።»

«አንቺ ዘልለሽው ይሆናል።»

«እኔ?» አለች ሰብሌ። «ማኅደሩ ላይ ያልተጻፈ ምን ብዬ ልብሳ? የማን እንደሆነ ደግሞ ገምት። የአቶ ወልደሰንበት።»

አቶ ወልደሰንበት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ከጣልያን በኋላ ሲከፈት አብረውት የተከፈቱ፣ አንዲት መስመር ባዶ የተተወባትን ቅጽ «ሙላና ተመለስ» እያሉ ሠላሳ ዓመት ሰው ሲመልሱ የኖሩ ሰው። ዘንድሮ ጡረታ ይወጣሉ ተብሎ በየፎቁ ይወራል። የእሳቸው ራሱ ባዶ መሆኑ ፈቀደን ከነከነው። ካርዷን ይዞ መዝገብ ቤት ወጣ።

«ጋሽ ወልደሰንበት፣ የትውልድ ቀንዎን ፈልጌ ነበር። ማሽኑ በእርስዎ ላይ ቆመብኝ።»

ሽማግሌው በክር የታሰረ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አወጡ። «ቆመ? ምን ብሎ?»

«ምንም አይልም። ይቆማል ብቻ።»

«ጨዋ ነው» አሉ። «እፈልግና አሳውቅሃለሁ፣ ልጄ።»

አላሳወቁትም። ፈቀደ በየሁለት ቀኑ እየሄደ ሲጠይቃቸው «እየፈለግኩ ነው» ይሉታል፣ ከበስተኋላቸው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ማኅደር በቁጥር ተደርድሮ። በመጨረሻ ካርዷን ለብቻ አስቀምጦ ዝርዝሩን ያለ እሳቸው አሳተመ።

ወረቀቱ ከማሽኑ እየታጠፈ ሲወርድ ሰብሌ አጠገቡ ቆማ ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው። «እኔ ስበሳ ጣቴ ዐሥራ ስድስት፣ ዐሥራ አንድ መምታት ለምዷል። አሁንማ ሳላይ ነው የምመታው።»

«ዐሥራ ስድስት፣ ዐሥራ አንድ ምንድን ነው?»

«እየው።»

አየው። ዓመቱ ከመስመር መስመር ይለያያል። የቀኑን ዓምድ ቁልቁል ሲያነቡት ግን 16፣ 11 ይልና ሌላ ቀን ይከተላል፤ ደግሞ 16፣ 11፤ ደግሞ 16፣ 11። ዐሥራ አንደኛው ወር ሐምሌ ነው። ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ደግሞ የጃንሆይ የልደት በዓል ነው፤ መሥሪያ ቤት የሚዘጋበት፣ ባንዲራ የሚሰቀልበት ቀን።

በሕንፃው ውስጥ ሐምሌ ዐሥራ ስድስት የተወለደ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚታወቀው፤ አቶ አስራደ። በየዓመቱ በዚያ ቀን የመምሪያ ኃላፊዎችን ቤታቸው ይጋብዛሉ፤ ብርጭቆ አንሥተውም «ከግርማዊነታቸው ጋር በአንድ ቀን መወለድ የሰው ሥራ አይደለም» ይላሉ። ተጋባዡም ያጨበጭባል። እድገታቸውን ከዚያ ቀን ጋር የሚያያይዘው ሰው ብዙ ነበር።

ፈቀደ ጉጉቱ ገፋው። ስንት ናቸው? ፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ አንዲት ትእዛዝ ጨመረ፤ ቀኑ 16፣ ወሩ 11 የሆነውን ሁሉ ቁጠርና ድምሩን ከታች አትም። ማሽኑ ቆጥሮ አተመ፤ 213።

«ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት» አለች ሰብሌ። «ያን ቀን አዋላጆቹ እንዴት ቻሉት?»

ሁለቱም ሳቁ። ፈቀደ ካርዶቹን አገላብጦ ከሁለት መቶ ዐሥራ ሦስቱ አንዱን ሲያይ ግን ሳቁን አቋረጠ። የመዝገብ ቁጥሩ የእሱ ነበር። ሲቀጠር ዓመቱን ጽፎ ቀኑን ባዶ እንደተወው ትዝ አለው። ባዶውን ማን እንደሞላው ያን ጊዜ አልጠየቀም።

ይህን እያሰበ ሳለ ከበላይ የተላከው ተላላኪ መጥቶ ወረቀቱን ጠቅልሎ ወስዶታል። ከታች ድምሩ እንደታተመበት፣ በሦስት ግልባጭ።

በማግስቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ተጠራ። አቶ አስራደ ዝርዝሩን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው በአረንጓዴ ቀለም እያሰመሩበት ነበር።

«ይህ ከታች ያለው ቁጥር ምንድን ነው?»

«ሐምሌ ዐሥራ ስድስት የተወለዱ ሠራተኞች ብዛት ነው፣ ጌታዬ።»

«ማን ቁጠር አለህ?»

«ማንም አላለኝም። ደንቆኝ ነው።»

«ደንቆህ» አሉ አቶ አስራደ ቃሉን እንደ እንግዳ ነገር እያዩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ሁለት መቶ ሰው በአንድ ቀን አይወለድም። ይህ ወይ ማኅበር ነው፣ ወይ ቀልድ ነው። ማኅበር ከሆነ የጸጥታ ጉዳይ ነው። ቀልድ ከሆነ የሚቀለደው በማን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«ስህተት ሊሆን ይችላል፣ ጌታዬ።»

«ስህተት የሠራ ሰው አለው። የመንግሥት መዝገብ የሰረዘና የደለዘ ያለ ጡረታ ይሰናበታል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ፖሊስ ይጨርሰዋል። እስከ ሐሙስ ሁለቱን ነገር አምጣልኝ፤ እነዚህ ቀኖች በማን እጅ እንደገቡ፣ የእነማን እንደሆኑ። የተጭበረበረው ሁሉ ይፋቃል።» ወደ በሩ ሲዞር መልሰው ጠሩት። «የኔን አትንካ። የኔ እውነተኛ ነው።»

ፈቀደ ከዚያ ቢሮ ሲወጣ መልሱን ያውቀው ነበር። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ መዝገብ በአንድ እጅ ብቻ ነው የሚጻፈው። በሁለት ወር ጡረታ የሚወጣ እጅ ነው። ይህን ያመጣው ደግሞ አንዲት የመጨመሪያ መስመር፣ ማንም ሳያዘው ራሱ የጻፋት መስመር ናት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀራንዮ ሄደ። አቶ ወልደሰንበት ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ በሚገኘው ግቢያቸው የጎመን መደብ እየኮተኮቱ ነበር። የመጣበትን ነገራቸው። እንደ ሰው ወሬ አዳመጡና መኮትኮቻቸውን አስቀምጠው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ለሐሙስ ምን ያስቸግርሃል? እኔ ነኝ በላቸው።»

«ለምን አደረጉት ግን?»

«አንተ ፕሮግራም ስትጽፍ ባዶ መስመር ሲያጋጥመው ማሽኑ ምን ያደርጋል?»

«ይቆማል።»

«መንግሥትም እንደዚያ ነበር። ያኔ ሰው ሥራ ፍለጋ ከየአገሩ ይመጣል፤ ከወሊሶ፣ ከጅማ፣ ከጉራጌ፣ ከየትም። ቅጹ ላይ የትውልድ ቀን የሚል አለ። ሰውየው ዓመቱን በግምት ያውቃል፤ ጦርነቱን፣ ከብት ያለቀበትን ዘመን ይነግርሃል። ቀኑን ከየት ያምጣ? መመሪያው ደግሞ ባዶ ያለበት ማኅደር ተቀባይነት የለውም ይላል። ታዲያ ይህን ሰው ቀን ስለሌለህ ሥራ የለህም ብዬ ልመልሰው? አንድ ሁለቱን መልሻለሁ። በሩ ላይ ሲቆሙ አየኋቸው። ከዚያ በኋላ አልቻልኩም።»

«ታዲያ ለምን ሐምሌ ዐሥራ ስድስት?»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «መጀመሪያ መስከረም አንድ ነበር የምጽፍላቸው፣ ለሁሉም። ጥሩ ቀን ነው፤ አደይ አለ፣ ችቦ አለ። ተቆጣጣሪው መጣና ሠላሳውን ማኅደር መለሰብኝ። ‹ሰው ሁሉ በዘመን መለወጫ ነው እንዴ የሚወለድ? ይጣራ› ብሎ። ቤቴ ገብቼ አሰብኩ። ተቆጣጣሪ ይጣራ ብሎ ሊጽፍበት የማይደፍረው ቀን የትኛው ነው? አንድ ቀን ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ወዲያ ለመጣው ሁሉ እሱን ጻፍኩ። ይኸው ሃያ ስምንት ዓመት፣ አንድም ማኅደር አልተመለሰም።»

ፈቀደ ሳቁ አመለጠው፤ ሽማግሌውም አብረውት ሳቁ።

«አቶ አስራደንም የመዘገቧቸው እርስዎ ነዎት?»

አቶ ወልደሰንበት መኮትኮቻቸውን አነሡ። «የሰው መዝገብ ከመዝገብ ቤት ውጪ አይወራም።»

«እሳቸው እኮ እርስዎን ሊያባርሩ ነው።»

«ያባርሩ። ያልነገሩኝን ነገሩኝ አልልም፣ የነገሩኝንም አልናገርም። ጎመን ለእናትህ ልቁረጥልህ?»

ጎመኑን ተሸክሞ ኮልፌ ሲደርስ አብደላ ሱቅ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ነበር።

«ጋሽ አብደላ፣ አንተ መች ነው የተወለድከው?»

«እናቴ የወለደችኝን ነው ወይስ ጸሐፊ የወለደኝን?» አለ አብደላ። «የእናቴን አላውቅም። ለሐጅ ፓስፖርት ሳወጣ ግን አንድ ጸሐፊ ጥር አንድ ቀን ወለደኝ። መልካም ሰው ነበር፤ ብዙም አላማጠም።»

ፈቀደ ቤት ገብቶ ጥያቄውን ለእናቱ አቀረበ። አልማዜ ጎመኑን ሳፋ ውስጥ እየዘፈዘፈች ነበር።

«እማዬ፣ እኔ የተወለድኩት መች ነው?»

«ዛሬ ምን ሆነሃል? አባትህ አስኮ ላይ ግንድ የጫነው ጋሪ የተገለበጠበት ቀን ነዋ። ሰው ግንድ ሲለቅም ውሎ ማታ ሲመጣ አንተ መጥተህ ጠበቅከው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ወሩ?»

«ጭቃ ነበር። ጋሪው የተንሸራተተው በጭቃ ነው።»

«እንግዲያው ክረምት ነው።»

«የአስኮ መንገድ እኮ በጋም ጭቃ አያጣም» አለች አልማዜ። ትንሽ አሰበችና እጇን አራገፈች። «ሐምሌ ቢሆንም ነውር የለውም።»

ሰኞ ፈቀደ ማሽኑ ፊት ተቀምጦ ብዙ ቆየ። አንድ ነገር ብቻ ይመላለስበት ነበር። ማሽኑ አይዋሽም፣ አያዳላም፣ አይፈራም፤ ግን የሚናገረው በተጠየቀበት ቅደም ተከተል ነው። በዕድሜ ተራ ከጠየቁት ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስቱን ሰዎች በየገጹ ይበትናቸዋል፤ ያኔ የሚታየው ብዛታቸው ብቻ ነው። በቅጥር ቅደም ተከተል፣ በመዝገብ ቁጥር ቢጠየቅስ? ያ ቀን ማን ላይ እንደተጀመረ ይታያል። ይህን ለማወቅ የማንንም ምስጢር ማውጣት አያስፈልግም፤ ካርዶቹን እንደገና መደርደር ነው።

«ሰብሌ፣ ሐምሌ ዐሥራ ስድስቶቹን ብቻ ለይተሽ ስጪኝ።»

«አሁንም ደነቀህ?»

«አሁንም።»

ማሽኑ ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስቱን ስም በመዝገብ ቁጥር ደርድሮ አወጣ። የመጀመሪያው መስመር የመዝገብ ቁጥር 52 ነው፤ 1936 ዓ.ም. ኅዳር ወር የተቀጠረ ተራ ጸሐፊ፤ አስራደ ይላል ስሙ። ቀጥሎ 53፣ 54፣ 56፤ ሁሉም በዚያው ሳምንት የተቀጠሩ፣ ሁሉም ሐምሌ ዐሥራ ስድስት የተወለዱ። ከ52 በፊት አንድም የለም።

ሰብሌ ከትከሻው በላይ አነበበች። «ይህን ይዘህ ልትወጣ ነው?» አለችው።

«በማን እጅ እንደገቡ ጠይቀዋል፤ ከማን እንደጀመሩ ይዩት። እነማን እንደሆኑ ጠይቀዋል። ይኸው።»

«ቢያባርሩህስ?»

«አጠና ተራ አለ።»

ሐሙስ ጧት ወረቀቱን አቶ አስራደ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። አረንጓዴ ብዕራቸውን ከፍተው ለማስመር አጎነበሱና የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆዩ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው ወረዱ። ተመልሰው ወደ መጀመሪያው ወጡ። ከውጭ የጽሕፈት መኪና ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ይህ ተራ ምንድን ነው?»

«የመዝገብ ቁጥር ነው፣ ጌታዬ። ማን ቀድሞ እንደተቀጠረ።»

«ማሽኑ ነው እንዲህ የደረደረው?»

ፈቀደ አዎ ሊል ይችል ነበር። ሰው ሁሉ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ማሽኑ ነው እያለ ማሳበብ ጀምሯል። «እኔ ነኝ እንዲህ ደርድር ያልኩት» አለ።

አቶ አስራደ ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ መለሱ። መስኮቱን እያዩ ነበር መናገር የጀመሩት፤ ለእሱ ይሁን ለራሳቸው አልታወቀም። «ኮቱ የአጎቴ ነበር። እጅጌው እስከዚህ ይደርሳል። መዝገብ ቤት ገብቼ ቀኑን ስጠየቅ ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ ሰውየው ጻፈና ‹ሂድ፣ ተመዝግበሃል› አለኝ። ምን እንደጻፈ ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።» ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እናቴ የነገረችኝ ይመስለኝ ነበር። ለሰው ስናገር ስናገር፣ ስትነግረኝ ትዝ ይለኝ ጀመር።»

ፈቀደ የተጠየቀ አልመሰለውም።

አቶ አስራደ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። ብዕሩን እንደገና ከፍተው በኅዳጉ ላይ ጻፉ። የጻፉት እንዲህ ይል ነበር፤ «ለጡረታ ጉዳይ የትውልድ ዓመት በቂ ሆኖ ስለተገኘ፣ የቀንና የወር ዓምድ ከዝርዝሩ ይሰረዝ። የቀድሞው ዝርዝር ከነግልባጩ ተመላሽ ይሁን።» ፈረሙበት። ማኅተምም መቱበት።

«ሌላ የሚደንቅህ ነገር ካለ» አሉት ወረቀቱን ሲሰጡት፣ «መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ።»

ፈቀደ ምድር ቤት ወርዶ ፕሮግራሙን አወጣ። ቀንና ወር የሚጠይቁትን መስመሮች ሰረዘ፤ ከነሱም ጋር «ቀን ወይም ወር ባዶ ከሆነ ቁም» የሚለው ትእዛዝ ሄደ። ሰብሌ መስኮት ላይ የተቀመጠችውን የአቶ ወልደሰንበትን ካርድ አንሥታ ከሌሎቹ መሐል አስገባቻት። ሁለቱም ቀዩን መብራት እያዩ ጠበቁ። ማሽኑ ካርዶቹን ዋጥ ዋጥ እያደረገ አለፈ፤ አልቆመም። የአቶ ወልደሰንበት ስም ጡረታ ከሚወጡት ተራ ወጣ፣ ከላይ ሦስተኛው ላይ።

«አሁን ገና አወቃቸው» አለች ሰብሌ። «ባያውቃቸው ኖሮ እስከ መቶ ዓመታቸው ይሠሩ ነበር።»

ሐምሌ አንድ ቀን ሽማግሌው የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ አስረክበው ቀራንዮ ገቡ። ሐምሌ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ፈቀደ ዝናብ ጋብ ሲልለት ሊጠይቃቸው ሄደ። በጃንጥላው ሥር ካርዷን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ ነበር፤ ጡረታ የወጣ ሰው ካርድ ከማሽኑ ስለሚወጣ፣ ከመጣል ብሎ።

አቶ ወልደሰንበት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ «አንድ ነገር ልንገርህ» አሉት። «ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ለት አቶ አስራደ ግብዣቸው ላይ ጠሩኝ። በሠላሳ ዓመት አገልግሎቴ ጠርተውኝ አያውቁም። ከበር ተቀበሉኝ።»

«ምን አሉዎት?»

«‹እንኳን አደረሰን› አሉኝ። ብርጭቆ ሲያነሡ ደግሞ ዘንድሮ ንግግር አላደረጉም። ምን ነክቷቸው ነው?»

«እኔንጃ» አለ ፈቀደ። የሰው መዝገብ ነው ብሎ ዝም አለ። ከዚያ እስከ ዛሬ የከነከነውን ጠየቀ። «ለሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት ሰው ቀን የሰጡ፣ ለራስዎ ለምን ባዶ ተዉት?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ለነሱ ስጽፍ እንጀራቸው እንዳይቀር ነው። እኔ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር፤ ማን ይመልሰኛል? ሳያስፈልገኝ ብጽፈው እሱ ውሸት ነው የሚሆነው።»

«ተቆጣጣሪውስ?»

«ተቆጣጣሪ ማኅደር አምጣ የሚለው እኔን ነው» አሉ። «የራስህን አምጣ ብሎኝ አያውቅም።»

ፈቀደ ጋዜጣውን ፈትቶ ካርዷን ሰጣቸው። አገላብጠው አዩዋት፤ ከዚያ ወደ ሰማዩ ብርሃን ከፍ አድርገው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ግቢያቸውን ተመለከቱ።

«ይህ ሁሉ እኔ ነኝ?»

«ይህ የመዝገብ ቁጥርዎ ነው። ይህ ስምዎ። ይህ የቅጥርዎ ቀን።»

«ልደቴስ?»

ፈቀደ ቀዳዳ የሌለበትን ቦታ በጣቱ አሳያቸው። አራት ዓምድ፣ ንጹሕ ወረቀት። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ።

«ማሽኑ የቆመው እዚህ ጋ ነው?»

«እዚህ ጋ ነው።»

«ስንት ጊዜ?»

«ዐሥራ አንድ ጊዜ። እየደጋገምን ሞክረን ነበር።»

አቶ ወልደሰንበት ካርዷን በደረት ኪሳቸው አስገብተው ቁልፉን ቆለፉ። «ሠላሳ ዓመት ማገልገሌን አውቃለሁ» አሉ። «መንግሥትን ዐሥራ አንድ ጊዜ ማስቆሜን ግን አሁን ገና ሰማሁ።»